ለጸሐፊ ሥዩም የወጠርኩት ጅማት

ባለፈው ቅዳሜ ቁልፍ ልገዛ ከገባሁበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ሁለት የባድሚንተን ራኬት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ተሰቅሎ አየሁ። ባለሱቁ ዓይኔን ተከትሎ «አባባ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። «እስቲ አውርድልኝ» አልኩት። ላስቲኩን በአውራ ጣቴ ቀደድ አድርጌ መሀለኛውን ክር በጥፍሬ መታ አደረግሁና ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ናይለን ነው፤ ለዚያውም ልል። «ይሄን የወጠረው ሰው ማንንም አልጠላም፣ ማንንም አልወደደም» አልኩት። ሰውየው ዕድሜዬን አይቶ ታገሠኝ እንጂ ጤነኛ አልመሰልኩትም። ቁልፉንም ሳልገዛ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ የሥዩም ስም ከምላሴ ላይ አልወርድ አለ።

ሥዩም የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ግራ ጆሮዬን ያጠፋው እሱ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል አሉ፤ ነፍስ ይማር ለማለት እስካሁን አፌ እሺ አላለኝም። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ጾም በገባ ቁጥር «ተክሌ፣ ዘንድሮስ?» ይሉኛል፤ «ዘንድሮም አባቴ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም እየሰለቻቸው መጥቷል።

ያኔ እኔ ሃያ አምስት ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከተማዋ አዳማ ነበረች፤ ናዝሬት የሚለውን ስም ገና አልሰማንም። ከተማም ስል ዛሬ መኪናው መተላለፊያ ያሳጣውን ቦታ እንዳታስቡ። አንድ የባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኩ ሆቴል፣ ቀጥሎ ስኳርና ክብሪት የሚሸጠው የዓረቡ ሱቅ፣ ከዚያ የህንዱ መጋዘን፣ ከዚያ ግራርና ቁልቋል ነው። ነፋሱ ግን ይኸው የዛሬው ነፋስ ነው፤ ጠዋት ተኝቶ ያረፍድና ቀትር ሲሆን የሰው ባርኔጣ እየነጠቀ ወደ ወንጂ ሜዳ ይነዳዋል። የሰባ በግ በሁለት ጠገራ ብር ይገዛ ነበር። አቡጀዲ ክንዱን በመሐለቅ ቆጥረህ ትለብሳለህ። ባቡሩ ከጅቡቲ በሚመጣበት ቀን ሰው ሁሉ ያለ የሌለ ልብሱን ለብሶ ጣቢያ ይሄዳል፤ የሚቀበለው እንግዳ ኖሮት ሳይሆን ለመታየት ነው። ሴቶቹ አዲስ ጥለት ያወጣሉ፣ ወንዶቹ ተነፋነፍ ሱሪያቸውን አስተኩሰው ይቆማሉ። የግሪኩ የሸክላ ማጫወቻ ከሆቴሉ በር ላይ የማይገባን ዘፈን ያንቋርራል፣ እኛም ገብቶን እንደሆነ ሁሉ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ዛሬ ያ ሆቴል የጎማ መጠገኛ ሆኗል። ባለፍኩ ቁጥር ዘፈኑ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ትዝ ይለኛል፤ ትዝታም ከጎደለ ጎን አይመጣም መሰለኝ።

እኔ የህንዱ ጆንያ ሰፊ ነበርኩ። ህንዱን ሙሴ ካንጂ እንለው ነበር፤ ያኔ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ሙሴ ነው። ቡናና ቆዳ ገዝቶ በባቡር ይልካል። ባቡሩ ዕቃውን ጠራርጎ በወሰደ ማግስት መጋዘኑ ባዶውን ይቀራል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ነፋስ አይገባበትም። እዚያ ውስጥ ሙሴ ካንጂ መረብ ዘርግቶ ከአገሩ ያመጣውን ጨዋታ ያጫውት ነበር። እኛ የላባ ጨዋታ አልነው። ቡሽ ላይ የተሰካ ላባ በጅማት መምቻ ወዲያና ወዲህ መመለስ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጣቢያው ሰዎች፣ የጉምሩክ ጸሐፊዎች፣ አንዳንድ ባላባትም ሳይቀር ይመጣሉ፤ የቆዳው ሽታ አፍንጫ ቢሰነፍጥም ማንም አይቀርም። ሁለት ራኬት ነበረው። ከባዱን በሬው፣ ቀላሉን ወፏ እንል ነበር።

አንድ ሰኞ ሙሴ ካንጂ ሁለቱን ራኬት ታቅፎ መጣ። መጋዘን የአይጥ አገር ነው፤ ጅማቱን እንዳለ በልተውታል። «ተክሌ፣ አይጥ በላ። ጨዋታ አለቀ» አለኝ። የተረፈችውን ቁራጭ በጥርሴ ነከስ አደረግሁ። የበግ አንጀት ነው። «ይሄን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩት። አላመነኝም።

አባቴ ምንጃር ውስጥ የታወቁ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ጅማታቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። እኔ ከሳቸው እጅ ተምሬያለሁ። አንጀቱ ገና ትኩስ ሳለ ይታጠባል፣ በቢላ ጀርባ ተፍቆ ስቡ ይወጣል፣ አመድ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ እርጥቡን ይፈተልና በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ካየ ይሰባበራል። በገናው አሥር አውታር አለው፤ አባቴ እሳቸው ሲደክሙ እኔ እንድይዘው ቃል ገብተውልኝ ነበር። ጆንያ መስፋቴ ለእንጀራ ነው እንጂ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነበር። በዐቢይ ጾም በየትልቁ ሰው ቤት እየዞርኩ ስደረድር፣ ሰውም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ይታየኛል።

እናም ራኬቱን እንደ በገና ወጠርኩት። አንጀቱን ያመጡልኝ የነበሩት ኦቦ ሁሴን የሚባሉ የአርሲ በግ ነጋዴ ናቸው፤ ላባውንም ከዝዋይ የሚያስመጡልን እሳቸው ነበሩ። በጆሮዬ እየቃኘሁ፣ አንዱን አውታር ከአንዱ እያስማማሁ ስጨርስ ሙሴ ካንጂ መታበት፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ከቦምቤይ ይሻላል» አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ የሚናገር ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት ማልደን እንገባና እየሞከርን እንማር ነበር። ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሰፌድ ሰቅለን ላባውን ወደ ሰፌዱ እንመታለን። ጅማቱ ላላ ሲል ላባው ያለ ድካም ይርቃል፤ የት እንደሚያርፍ ግን እሱ ራሱ ነው የሚያውቀው። ጠበቅ ሲል ርቀቱን ክንድህ መክፈል አለበት፣ ያልከው ቦታ ግን ይሄድልሃል። ክብደቱም እንዲሁ ነው። በሬው ከባድ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም፣ አቅጣጫውን ይዞ ይሄዳል፤ ጥቂት ከተጫወትክ ግን ክንድህ ይዝልና ዘግይቶ ይደርሳል። ወፏ በእጅህ ላይ የለች ያህል ናት፤ ፈጣን ናት፤ የአንጓህን ትንሽ ስሕተት ግን አትሸፍንልህም። ስለዚህ ወፏን አጠብቃት ነበር፣ በሬውን ጥቂት አላላው ነበር። ሰፌዱ መሀሉ እስኪቀደድ ድረስ ደበደብነው። ሙሴ ካንጂ አዲስ ሰፌድ ከገበያ ባስመጣ ቁጥር ገበሬዎቹ ህንዱ ምን ያህል እህል ቢያበጥር ነው ይሉ ነበር።

ሥዩም ወፏን ነበር የሚወደው። ድሬዳዋ ፈረንሳይኛ ተምሮ የመጣ፣ ቁመቱ መለል ያለ፣ ነጭ ካኪ የሚለብስ፣ ባርኔጣውን ሲያወልቅ እንኳ ሰው እንዲያየው ቀስ የሚል ሰው ነው። መጫወቱን ይችላል፤ አልዋሽም። ከመጫወቱ በፊት መሀለኛውን ጅማት በጥፍሩ መታ አድርጎ ይሰማል። ይሄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «እንዲህ ካለ ደህና ነው ጌታዬ» ብዬ ድምፁን በአፌ አሰማሁት። እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ።

አንድ እሑድ፣ ቅዳሜ ተውሶ የወሰዳትን ወፏን ጠዋት በበቅሎው ኮርቻ ላይ አንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ ትቷት ቤተ ክርስቲያን ገባ። እንዲህ እንዳያደርግ ሁለቴ ነግሬዋለሁ። ከሰዓታት በኋላ መጋዘኑ ሞልቶ፣ የጉምሩኩ ሹም ከነእንግዶቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሥዩም ላባውን ከላይ ሊደቁስ ሲሰነዝር ጅማቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ላባው እግሩ ሥር ወደቀ። ሰው ሳቀ፤ ብዙም አይደለም፣ ጥቂት ነው የሳቀው። ሥዩም ዞሮ መጣና እኔ በቆምኩበት፣ የዘረጋውን መዳፉን ግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። «የአንጀት ፈታይ» አለኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ደወል ተደወለ፤ ከዚያ ደወሉ ራቀ፤ ከዚያ በዚያ በኩል ዓለም ጸጥ አለች። ደሙ አቡጀዲዬን ሲነካው ነው መመታቴ በደንብ የገባኝ።

ያኔ ሕግ መንገድ ላይ ነበር። የተበደለ ሰው የበደለውን ልብስ ይዞ በሕግ አምላክ ካለ፣ የተበዳዩና የበዳዩ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና በአቅራቢያ ያለ ሽማግሌ ወይም ሹም እዚያው ይዳኛቸዋል። እኔም የኮቱን ጫፍ ይዤ «በሕግ አምላክ» አልኩ። በአቅራቢያ የነበሩት ሹም የራሱ አለቃ ናቸው። «እስቲ ልቀቀው አንተ፣ ኮቱ ይተረተራል» አሉና ሳቁ። ሙሴ ካንጂ ወለሉን አየ። እንግዶቹ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። እኔም ኮቱን ለቀቅሁ። ከጥፊው ይልቅ የሚያንገበግበኝ መልቀቄ ነው።

ሦስት ወር ጆሮዬን በነጭ ሽንኩርትም በቅቤም አከምኩት። አልመጣም። ምንጃር ወርጄ በአባቴ ፊት በገናውን ስቃኝ ሁለት አውታር አበላሸሁ። ከየት በኩል እንደሚጮህ አይለይልኝም። አባቴ «በአንድ ጆሮማ እንዴት ይሆናል ልጄ» አሉ፤ በገናውን ለአጎቴ ልጅ ሰጡት። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ደህና ደርዳሪም ወጥቶታል። እኔ ግን በዚያ ጾም ድምፁን ላለመስማት ወደ ሞጆ ሸሸሁ። ስመለስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሥዩም ሰው ፊት እንዳዋረደኝ ሰው ፊት ይዋረድ፤ ያዋረድኩትም እኔ መሆኔን ይወቅ።

ዓመት ጠበቅሁ። ጆንያዬን እየሰፋሁ፣ ራኬቱን እየወጠርኩ፣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው በባቡር እንደሚመጡ ተሰማ። ሥዩምን አይተው ወደ ላይ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊወስዱት ነው ተባለ። ሥዩምም እንግዳውን በላባ ጨዋታ ሊያስደስት አሰበ። ሦስት ጊዜ መጥቶ ወፏን ደህና አድርጌ እንድወጥርለት አደራ አለኝ። በአደራው ሌት ተቀን ሳቅሁ።

ኦቦ ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። «አካም ጅርታ ኦቦ ሁሴን?» ስላቸው «ነጋ፣ ነጋ ተክሌ። የጠቦት ነው እንደ ወትሮው?» አሉኝ። «የለም፣ ያረጀች በግ አንጀት ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ያረጀ አንጀት ቶሎ ይላላል፤ ታውቃለህ። ለማን ነው?» «ለአንድ ወዳጄ ነው።» «ወዳጅህ ምን በደለህ?» አሉኝ። ወደ ግራ ጆሮዬ ጠቆምኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም፤ በሦስተኛው ቀን አንጀቱን ላኩልኝ።

ሥዩም የሚነካው መሀለኛውን ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ መሀል ያሉትን ሦስቱን ከጠቦት አንጀት ሠርቼ እንደ ወትሮው አጠበቅኋቸው፤ ዳርና ዳሩን ባረጀው አንጀት ወጥሬ ላላ አደረግሁት። ከመሀሉ ጥቂት ዝንፍ ያለ ምት የት እንደሚሄድ መድኃኔ ዓለም ይወቀው። ይሄም አልበቃኝ አለ። የጥይት እርሳስ ቀጥቅጬ አሳስቼ ከእጀታው በላይ፣ አንገቷ ላይ በአንድ ጎን ብቻ አደረግሁና በቆዳ ጠቀለልኩት። ወፏ ሳትታይ ከበደች፤ በእጅ ስትወዛወዝም ወደ አንድ ወገን ትጠመዘዛለች። ሙሴ ካንጂ ጠዋት አንስቶ በመዳፉ መዘናት። የሰውየው እጅ ሚዛን ነበር፤ የቡና ከረጢት አንስቶ ስንት እንደጎደለ የሚነግር እጅ ነው። አንዴ ወፏን አየ፣ አንዴ እኔን አየ፣ ከዚያ ቦታዋ ላይ መልሶ ሰቀላት። ያን ጊዜ ወለሉን ማየቱን በዚያች ዝምታ ይቅር አልኩት።

እንግዳው መጡ፣ ተቀመጡ። ካባቸው ጥቁር ነው፣ ጢማቸው ነጭ። ሥዩም ነጭ በነጭ ለብሷል። ወፏን አወረደ፣ መሀለኛውን መታ አድርጎ ሰማ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ፤ ጣቱን ወደ ዳሩ ወስዶ ጅማቱን ዳሰስ አደረገው። ቀና ብሎም ወደ እኔ በኩል አየ። ከዚያ ወደ መረቡ ሄደ፤ ሙሴ ካንጂም በሬውን ይዞ ወዲያ ማዶ ቆመ።

የሆነውን ብነግራችሁ ዛሬም ያረካኛል። የመጀመሪያው ላባ ጣሪያውን መታ፤ ቆርቆሮው ጓ አለ። ሁለተኛው የቆዳ ክምር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ክንዱ ሲዝል ደግሞ እየዘገየ አየሩን ይመታ ጀመር፤ የዓረቡ ሱቅ ዕቃ አውራጅ በሳቅ ጆንያ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ሥዩም ጉልበቱን ሁሉ አሰባስቦ ሲመታ ላባው ተጠማዝዞ ሄደና የእንግዳው ጢም ላይ አረፈ። እንግዳው ላባውን በሁለት ጣታቸው አንስተው «ይህ ሰው ብዕርስ አቅንቶ ይይዛል?» አሉ። ያኔ ሰው የሳቀውን ሳቅ አንድ ጆሮ ብቻ እያለኝ እንኳ ጠግቤ ሰማሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሥዩም ወፏን ሰቅሎ ወጣ። ወደ ላይ የተባለው ሰው በወሩ ወደ ሞጆ፣ አንድ ወንበር ብቻ ወዳላት ጠባብ ክፍል ተላከ።

ግማሹን አገኘሁ ማለት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኔ መሆኔን ማወቁ፣ ቀረ። ሞጆ ሄጄ ልነግረው ቀን ስመርጥ ጣሊያን መጣ፤ ሙሴ ካንጂ አገሩ ገባ፣ መጋዘኑ ተቃጠለ፣ ሁሉም ተበታተነ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሸመገልኩ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሳልናገራት አስቀመጥኳት፤ ባጀሁባት፣ ከረምኩባት፣ እንዴት እንደምናገራት እንኳ ብዙ ጊዜ ቃሉን ለዋወጥኩላት።

ከዓመታት በኋላ ሶደሬ ፍል ውኃ ለጉልበቴ ስሄድ አገኘሁት። እግሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቁመቱ ጎብጧል፤ አቀማመጡ ግን ያው ሰው እንዲያየው የሚፈልግ ሰው አቀማመጥ ነው። አጠገቡ ሄጄ በስተቀኜ አደረግሁትና ተቀመጥኩ።

«ተክሌ አይደለህም? የካንጂው?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት። «ሥዩም፣ ያን ቀን ራኬቷን ያበላሸሁልህ እኔ ነኝ።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ ለማየት ዓይኔን አልነቀልኩም።

«አውቃለሁ» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«ገና ሳልመታ። የዳሩን ጅማት ስነካው አወቅሁ። ሙሴ ካንጂ በሬውን እንዲሰጠኝ ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸውም?»

ውኃውን በእግሩ አማሰለው። «ጆሮህ በዚያው እንደቀረ ኦቦ ሁሴን ነግረውኝ ነበር። ሰው ፊት ይቅርታ ማለት አልቻልኩም፤ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ልጅም ነበርኩ። ራኬቷን ስይዛት ይሄ የተክሌ ነው፣ ይውሰድ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አግኝቼ ኖርኩ።»

ሰላም አግኝቼ ኖርኩ አለኝ። ደሜ ፈላ። ዓመት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ የሠራሁትን፣ በእርሳስና ባረጀ አንጀት የለፋሁበትን፣ እሱ እያወቀ ፈቅዶ ሰጥቶኝ ኖሯል። በቀሌን እንኳ እንደ ምጽዋት ነው የተቀበልኩት። ለዚያውም በዚያው በቀል ሰላም ገዝቶበት፣ እኔ በጾም ከበገና ድምፅ ስሸሽ እሱ ሞጆ ላይ ተመቻችቶ ተኝቷል። «ሰላሙን ማን ሰጠህ?» አልኩት። ድምፄ ስለከረረ የሚታጠቡት ሰዎች ዞረው አዩን።

በትሩን ተደግፎ ተነሳ፤ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ዞሮ በግራዬ በኩል መጣና ተቀመጠ፤ ፀሐዩን ሸሽቶ ይሁን ፊቴን ላለማየት አላውቅም። ከዚያ መናገር ጀመረ። በዓይኔ ጫፍ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ረጅም ነገር ነው የተናገረው። አንድ ጊዜ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ፤ አንድ ጊዜ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ምን እያለ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ያን ቃል ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬ እንዴት ይጠፋኛል። ለመስማት አንገቴን ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

አላዞርኩም። እስኪጨርስ ድረስ አዋሽን ሳይ ቆየሁና ተነስቼ ልብሴን ለበስኩ።